«ራሱ ተመልሶ ያርፋል»፤ የሻጭ ቃልና የድሮን ልክ

የንግድ ሥራ ጽኑ መሠረቱ እምነት መሆኑ ለነጋዴ ሁሉ የታወቀ ነው። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ክንዱን አሳጥሮ ቢለካ፣ እህል የሚሸጥ ሰው ሚዛኑን ቢያጋድል፣ ለአንድ ቀን ትርፍ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ደንበኛው ሁለተኛ ወደ ሱቁ አይመለስም። ክንድና ሚዛን በዓይን የሚታዩ ስለሆኑ ገዢው ራሱ ሊመረምራቸው ይችላል። በዛሬው ጊዜ ከውጭ አገር የሚመጡት ረቂቅ መሣሪያዎች ግን ልካቸው በውስጣቸው የተሰወረ ነው፤ ገዢውም የሚያውቀው ሻጩ የነገረውን ብቻ ነው። ከነዚህም መሣሪያዎች አንዱ ድሮን ተብሎ የሚጠራው ሰው አልባ በራሪ ካሜራ ነው።

ገዢ ወደ ሱቅ ገብቶ ድሮን በጠየቀ ጊዜ ከሻጩ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «አይጠፋም፤ ራሱ ተመልሶ ከተነሣበት ያርፋል» የሚል ነው። ይህ ቃል ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሙሉ እውነትም አይደለም። መሣሪያው ይመለሳል፤ ነገር ግን «ከተነሣበት» ማለት ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በምን ሰዓትና በምን ዓይነት ቦታ እንደሚፈጸም፣ ምን ሲጎድልበት እንደሚሳሳት ሳይነገር ይቀራል። ልክ ያልተነገረለት ተስፋ ሳይመዘን እንደተሸጠ እህል ነው። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ቸርቻሪው ይህን ቃል በሜትር ለክቶ፣ ከነሁኔታው ለገዢው ሊነግረው ይገባል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የመሣሪያውን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ2010 የፈረንሳዩ ፓሮት ኩባንያ ኤ አር ድሮን የተባለውን በስልክ የሚመራ መሣሪያ ለሕዝብ ገበያ ሲያቀርብ፣ መሣሪያው ጂፒኤስ ስላልነበረው የተነሣበትን ስፍራ ፈልጎ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም። በ2006 በቻይና አገር በሼንዘን ከተማ የተቋቋመው ዲጄአይ ኩባንያ ግን በ2013 መጀመሪያ ላይ ፋንተም የተባለውን ድሮን ሲያወጣ ጂፒኤስ አግብቶበት ነበርና፣ ከመቆጣጠሪያው ጋር የነበረው ግንኙነት ሲቋረጥ በራሱ ወደ ኋላ መመለስ ቻለ። ከዚያ ወዲህ ይህ ችሎታ በየሣጥኑ ላይ የሚጻፍ የገበያ ቃል ሆነ።

ይህም ሊሆን የቻለው ጂፒኤስ ራሱ ከተሻሻለ በኋላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እስከ ግንቦት 2000 ድረስ ለሲቪል ሰው የሚሰጠውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበረ፣ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ያ አሠራር ባይቀር ኖሮ የዛሬው ድሮን የሚመለሰው ወደ ባለቤቱ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው ግቢ በሆነ ነበር። ስሕተቱ ከመቶ ሜትር ወደ ጥቂት ሜትሮች ወርዷል፤ ቢሆንም ጨርሶ አልጠፋም። ክርክሩ ያለው በነዚህ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው።

ድሮን «ቤት» የሚባለውን አያውቅም። የሚያውቀው በመነሻው ጊዜ ከሳተላይቶች ተቀብሎ የመዘገበውን የቦታ ቁጥር ብቻ ነው። በቂ የሳተላይት ምልክት ሳያገኝ እንዲነሣ የተደረገ እንደሆነ፣ ምልክቱ በበረታ ጊዜ ያለበትን ቦታ፣ ምናልባትም በአየር ላይ ርቆ ሳለ፣ «ቤቴ ይህ ነው» ብሎ ይመዘግባል። በኋላም ተመለስ ሲባል የሚሄደው ወደዚያው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተነሣ ድሮን በስፍራው አያርፍም። ሻጩ ግን ለገዢው መሣሪያውን ሲያሳይ ከሣጥኑ አውጥቶ ወዲያው ያስነሣዋል እንጂ፣ «የመነሻው ቦታ እስኪመዘገብ ጠብቅ» ብሎ አያስተምርም። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ትዕግሥት ስንት ሺህ ብር እንደሚያድን በዚህ ይታወቃል።

የመነሻው ቦታ በሚገባ ቢመዘገብም እንኳ ቁጥሩ ራሱ ስሕተት አለበት። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስ መሥሪያ ቤት እንደገለጸው፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ሜዳ ላይ ቦታውን የሚያውቀው ወደ 4.9 ሜትር በሚደርስ ስሕተት ውስጥ ነው። ድሮኖች ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን፣ የአውሮፓውንና የቻይናውን ሳተላይቶች ጭምር የሚያዳምጡ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ ከስልክ ይሻላሉ፤ የስሕተቱ ጠባይ ግን አንድ ነው። ደግሞም ስሕተቱ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በመነሣት ጊዜ አንድ፣ በመመለስ ጊዜ ሌላ አለ። ሁለቱ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ቢሆኑና እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ቢሆኑ፣ በሂሳብ ደንብ የሁለቱ ድምር ውጤት ከ4 ሜትር በላይ ይሆናል። በረራው አጭር ሲሆን ሁለቱ ስሕተቶች ተቀራራቢ ስለሚሆኑ ማረፊያው ይሻላል፤ በረራው ሲረዝምና ሳተላይቶቹ ቦታቸውን ሲለውጡ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልም ምልክቱ ከግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ ነገሩ ይብሳል።

በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ያለመረዳት አለ። በ2016 የወጡት ፋንተም 4 እና ማቪክ ፕሮ የተባሉት የዲጄአይ ድሮኖች፣ በዝርዝር መግለጫቸው ላይ ወደ ጎን ያላቸው ልክ በጂፒኤስ 1.5 ሜትር፣ ወደ ታች በሚመለከቱት ካሜራዎች ሲታገዙ ደግሞ 0.3 ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን ይናገራሉ። ይህን ያነበበ ሻጭ «ከተነሣበት ቢርቅ ቢርቅ ሠላሳ ሳንቲሜትር ነው» ብሎ ለገዢው ቢናገር አያስደንቅም። ነገር ግን የተጻፈው ልክ ድሮኑ በአየር ላይ በአንድ ስፍራ ጸንቶ የመቆሙ ልክ ነው እንጂ፣ ርቆ ሄዶ የመመለሱና የማረፉ ልክ አይደለም። አንድ ተሸካሚ ሸክሙን ይዞ ሳይነቃነቅ መቆሙ፣ በጉም ውስጥ ሄዶ ያንኑ ቦታ መልሶ ለማግኘቱ ማስረጃ አይሆንም። አምራቹ ያልጻፈውን ሻጩ ቢጨምርበት፣ በኋላ ለሚነሣው ክርክር ተጠያቂ የሚሆነው አምራቹ ሳይሆን ሻጩ ነው።

እውነት ነው፣ ማረፊያውን ወደ ስንዝር የሚያቀርብ ብልሃት ተገኝቷል። ማቪክ ፕሮ ሲነሣ ከበታቹ ያለውን መሬት በካሜራ ቀርጾ ይይዛል፤ ሲመለስም ከታች የሚያየውን ከያዘው ሥዕል ጋር እያስተያየ ይወርዳል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙ ድሮኖችም ይህንኑ ይከተላሉ። ነገር ግን የማቪክ ፕሮ መመሪያ መጽሐፍ ይህ ብልሃት የሚሠራባቸውን ሁኔታዎች ሳይሸሽግ ዘርዝሯል። ድሮኑ ወደ ጎን ከመሄዱ በፊት ቀጥ ብሎ እስከ 7 ሜትር መውጣት አለበት፤ የመነሻው ቦታ በበረራ መካከል መለወጥ የለበትም፤ መሬቱ በመነሻው ጊዜ እንደነበረ መቆየት አለበት፤ መሬቱ ከሌላው የሚለይበት መልክ ሊኖረው ይገባል፤ ብርሃኑም ከልክ ያላነሰ ከልክም ያልበዛ መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ድሮኑ የሚተማመነው ከላይ በተነገረው የሳተላይት ቁጥር ብቻ ይሆናል። አንድ ወጥ የሆነ የሲሚንቶ ሜዳ፣ ወጥ ሣር፣ የሚያብረቀርቅ ወለልና ውኃ ለካሜራው ምንም አይነግሩትም። ሠርግ ለማንሣት የመጣ ሰው ድሮኑን ካስነሣ በኋላ በዚያው ቦታ መኪና ቢቆምበት፣ ሥዕሉ ተለውጧልና ድሮኑ ቦታውን አያውቀውም።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ነጋዴ ከዚህ በላይ ልብ ሊላቸው የሚገቡ የአገሩ ጠባዮች አሉ። አንደኛው፣ የምድር የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ መሆኑ ነው። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ የኤሌክትሪክ መናወጥ ስለሚነሣ፣ ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት በአንዳንድ ምሽቶች ይርገበገባል፣ ይዳከማልም። ፀሐይ በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ በሚመላለሰው ዙሯ እንቅስቃሴዋ ሲበረታ ነገሩ ይጠነክራል፤ በ2024 እንደዚህ ያለው ጊዜ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በተነሣው የፀሐይ ማዕበል በአሜሪካ አገር በሳተላይት የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች በዘር ወቅት ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። እንግዲህ ምሽት ሲሆን ካሜራው በጨለማ ምክንያት መሬቱን አያይም፤ የሳተላይቱም ምልክት ሊናወጥ ይችላል። ሁለቱ ረዳቶች የሚጎድሉት በአንድ ሰዓት ነው፤ ያም ሰዓት ፎቶ አንሺዎች ለሠርግና ለማስታወቂያ ሥራ እጅግ የሚወዱት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ጠባይ የመሬቱ ከፍታ ነው። ድሮን ሲመለስ የሚወጣበት ከፍታ የሚቆጠረው ከተነሣበት ቦታ ነው እንጂ ከበታቹ ካለው መሬት አይደለም። በእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ተራራው የሄደ ድሮን፣ የመመለሻው ከፍታ 40 ሜትር ሆኖ ቢሰጠውና ተራራው ከመነሻው 60 ሜትር ቢበልጥ፣ ወደ ቤት የሚወስደው ቀጥተኛ መንገድ በዛፍና በገደል ላይ ያልፋል። እንቅፋትን አይቶ የሚቆም ድሮን ቢኖርም፣ በጨለማና በቀጫጭን ቅርንጫፎች ፊት ችሎታው ይቀንሳል፤ የስልክና የኤሌክትሪክ ሽቦንም ብዙ ጊዜ አያይም።

ሦስተኛው የአየሩ መሳሳት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ክብደት ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ድሮኑ በአየር ላይ ለመቆየት ፕሮፔለሩን የበለጠ ማሽከርከር አለበት። ማቪክ ፕሮ ነፋስ በሌለበት 27 ደቂቃ እንዲበር አምራቹ የገለጸው በተመቻቸ ሁኔታ ነው። በ2019 የወጣው ማቪክ ሚኒ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር እንዳያልፍ ተወስኖለታል፤ በእንጦጦ ወይም በደብረ ብርሃን አካባቢ ከፍታዎች ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ቁጥር ከካሜራው ጥራት ይልቅ ይጠቅመዋል። ባትሪው እየቀነሰ ሲሄድ ድሮኑ ለመመለሻ የሚበቃውን አስልቶ ያስጠነቅቃል፤ ባትሪው እጅግ ካለቀ ግን መመለሱን ትቶ ካለበት ቦታ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያን ጊዜ «ራሱ ይመለሳል» የሚለው ቃል «ራሱ ይወርዳል» ወደሚል ይለወጣል፤ የሚወርድበትንም የሚመርጥለት የለም።

ከነዚህ ሁሉ ሌላ የኮምፓስ ነገር አለ። ድሮኑ አቅጣጫውን የሚያውቀው በትንሽ ማግኔታዊ ኮምፓስ ስለሆነ፣ በቆርቆሮ ክዳን፣ በመኪና ላይ ወይም ፌሮ በበዛበት የሲሚንቶ ሰገነት ላይ ቢነሣ አቅጣጫው ይዛባበታል፤ ሲመለስም ቀጥ ብሎ በመምጣት ፈንታ በቦታው ዙሪያ እየዞረ ሊቸገር ይችላል።

ይህ ዝርዝር ለሊቃውንት ብቻ የሚሆን ጉዳይ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ አንድ ምሳሌ ይበቃዋል። ደንበኛው በከተማ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ሰገነት ላይ ቆሞ ድሮኑን ያስነሣል። ሰገነቱ 5 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 2.5 ሜትር ብቻ ነው። ድሮኑ 3 ሜትር ተሳስቶ ቢመለስ፣ ይህም ለጂፒኤስ እንግዳ ያልሆነ ስሕተት ነው፣ የሚወርደው በሰገነቱ ላይ ሳይሆን በጎዳናው ላይ ነው። ወደ ታች የሚመለከተው ካሜራም ከሥር ያለውን ጎዳና ሰፊ ማረፊያ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። በጎዳናው ላይ ሕፃን ቢኖር፣ አራት ስለታም ፕሮፔለሮች በላዩ ይወርዳሉ። ለዚያ ሕፃን የሻጩ «አይጠፋም» ማለት ምን ይጠቅመዋል? ለባለ ድሮኑስ ካሳ በተጠየቀ ጊዜ ምን ይረዳዋል? በሜዳ ላይ ምንም የማይባለው ሦስት ሜትር በሰገነት ላይ ሕይወት ነው።

በሳንቲሜትር የሚለካ ማረፊያ የሚፈልግ ገዢ ካለ ለእርሱ ሌላ ዕቃ አለ። በ2018 ዲጄአይ ያወጣው ፋንተም 4 አር ቲ ኬ፣ በምድር ላይ ከተተከለ ሌላ ተቀባይ እርማት እየወሰደ የራሱን ቦታ ወደ ጎን በ1 ሳንቲሜትር፣ ወደ ላይና ወደ ታች በ1.5 ሳንቲሜትር ገደማ ያውቃል፤ ከምድሩ ተቀባይ በራቀ መጠን ጥቂት ይጨመርበታል። ይህ ግን ለመሬት ቅየሳ ባለሙያ የተሠራ፣ ዋጋውም ከተራው ብዙ የሚበልጥ መሣሪያ ነው። ስማቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ የአንዱን ልክ ለሌላው እየሰጡ መሸጥ ነውር ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ይህን ሁሉ ለገዢ ከነገርነው ዕቃው አይሸጥም» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ሌሎችም «መመሪያው መጽሐፍ በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ገዢው ያንብበው» ይላሉ። ሁለቱም ምክንያቶች አይጸኑም። መመሪያው የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ካልተነገረው አብዛኛው ገዢ አያነበውም፣ ሻጩም ይህን ያውቃል። ሽያጩን በተመለከተም፣ ልኩን ያወቀ ገዢ ድሮኑን ብቻ ገዝቶ አይሄድም፤ ደማቅ ሥዕል ያለበት የማረፊያ ምንጣፍ፣ ተለዋጭ ባትሪና ትርፍ ፕሮፔለር ጭምር ይገዛል። ልኩን ሳያውቅ የገዛው ግን በመጀመሪያው ሳምንት የተሰበረውን ዕቃ ይዞ ሱቁ ፊት ይቆማል፤ ጩኸቱንም የሚሰሙት በዚያው ሰዓት ሊገዙ የመጡ ሌሎች ደንበኞች ናቸው።

በተለይም በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ የጠፋን ድሮን መተካት የጠፋን ሰዓት እንደ መተካት ቀላል አይደለም። ፈቃዱ፣ ቀረጡና የውጭ ምንዛሪው እንደገና ይጠየቃል። አንዱ ድሮን በሰው ላይ ወድቆ ጉዳት ቢያደርስ ደግሞ ነቀፋው በዚያ ሱቅ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በዕቃው ንግድ ሁሉ ላይ ይመጣል፣ ፈቃድ ሰጪውንም ያጠነክረዋል። በጥንቃቄ የሚነግደው ሰው ለማይጠነቀቀው ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ሊደረግ ይገባል? አስመጪው ከአዲስ ዓይነት ድሮን ብዛት ያለው ዕቃ ከማዘዙ በፊት፣ ፈቃድ ባለው ሰውና በተፈቀደ ስፍራ አንዱን አስፈትኖ ይመልከት። ፈተናው ብዙ ወጪ አያስወጣም። በሜዳ ላይ አንድ ምልክት ተደርጎ ድሮኑ አሥር ጊዜ ይነሣ፣ ርቆም ሄዶ በራሱ ይመለስ፤ ካረፈበት እስከ ምልክቱ ያለው ርቀት በሜትር ይለካ። አምስቱ በቀን፣ አምስቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይሁን። ከዚያም አማካዩ ብቻ ሳይሆን ትልቁ ስሕተት ይጻፍ። ዘጠኙ በአንድ ሜትር ውስጥ አርፈው አሥረኛው አራት ሜትር ቢርቅ፣ ገዢው ሊሰማው የሚገባው አራቱን ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው አሥረኛው ነውና።

ቸርቻሪው ደግሞ ከደረሰኙ ጋር አንዲት ትንሽ የአማርኛ ወረቀት ይስጥ። በወረቀቷም ላይ የተለካው ልክ፣ የመነሻው ቦታ እስኪመዘገብ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ፣ ቀጥ ብሎ ሰባት ሜትር የመውጣት ደንብ፣ የመመለሻው ከፍታ በዙሪያው ካለው ከፍተኛ ነገር በላይ መሆን እንዳለበት፣ በሰገነትና በውኃ ላይ እንዲሁም በምሽት በራሱ እንዲያርፍ መተው እንደማይገባ ይጻፍ። የመነሻው ቦታ ጸንቶ የሚቀር በመሆኑ፣ በሚሄድ ጀልባ ወይም መኪና ላይ ሆኖ የሚያስነሣ ሰው በራሱ መመለስን እንዳይተማመን ይነገረው። ገዢውም ድሮኑ ሲወርድ መቆጣጠሪያውን ከእጁ እንዳያኖር፣ አቅጣጫው ከተበላሸ ማረፉን አቋርጦ ራሱ እንዲያሳርፈው በሱቁ ደጅ ሳይሆን በሜዳ ላይ ይለማመድ።

የንግድ ማኅበራትም በዕቃው አስመጪዎች መካከል አንድ የጋራ የፈተና ደንብ እንዲኖር ቢያደርጉ ጥቅሙ ለሁሉም ነው። አንዱ ሱቅ «በአንድ ሜትር» ሲል ሌላው «በአንድ ስንዝር» እያለ ቢወዳደሩ፣ ሐሰተኛው እውነተኛውን ከገበያ ያስወጣዋል። ሁሉም በአንድ ዘዴ ለክተው ከጻፉ ግን ውድድሩ በዕቃው ጥራትና በዋጋው ይሆናል፤ ይህም ለንግድ የሚገባው ውድድር ነው።

ድሮን ድንቅ መሣሪያ መሆኑን የሚክድ የለም። ገበሬው ማሳውን፣ ቀያሹ መሬቱን፣ ፎቶ አንሺው ሠርጉን ከላይ ሆኖ እንዲያይ አድርጓል፤ በራሱ የመመለስ ችሎታውም ብዙ ሰው ገንዘቡን ከመጥፋት አድኖለታል። ነገር ግን ችሎታው ረዳት ነው እንጂ ዋስ አይደለም። ዋስ ሊሆን የሚገባው የሻጩ ቃል ነው፤ ቃሉም ዋስ የሚሆነው በልክ የተነገረ እንደሆነ ብቻ ነው። ጨርቅ በሜትር፣ ስኳር በኪሎ፣ ዘይት በሊትር ይሸጣል። የድሮንም መመለስ በሜትር ተለክቶ፣ ከነሁኔታው ተነግሮ ይሸጥ።